“ለቀቀኝ” ብለን የምንተወው ምልክት

እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ ደም በሽታ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን በሙያዬ የማውቀው አንድ ችግር ነው፤ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ምስክር። አንድ ሰው ድንገት እጁ ይዝላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ወይም አንድ ዓይኑ ይጋረድበታል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁሉም ይመለሳል። ቤተሰብም “ድካም ነው”፣ “ምች ነው” ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። መዘጋት ግን አልነበረበትም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በደማችን ውስጥ ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ህዋሳት አሉ። ሥራቸው ስንቆስል ደማችን እንዲረጋ ማድረግ ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ያህል ይገኛሉ። የአጥንት መቅኒ በራሱ ችግር ከልክ በላይ ሲያመርታቸው ኢሴንሻል ትሮምቦሳይቴሚያ የተባለው ሥር የሰደደ በሽታ ይከሰታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች ጃክ2 በተባለው ዘረ መል ላይ የሚደርስ ለውጥ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ እንደሚታይ ደረሱበት። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም።

ታዲያ ይህ ከአንጎል ጋር ምን አገናኘው? የበዙት ፕሌትሌቶች በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ እየተጣበቁ መንገድ ይዘጋሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የዓይን ብዥታና የጣት መደንዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዳንዱን መዳፉንና እግሩን እንደ እሳት ያቃጥለዋል። የተዘጋው ቶሎ ከተከፈተ ሰውየው ይድናል፤ ካልተከፈተ ስትሮክ ይሆናል። ሄዶ የተመለሰው ምልክት ማስጠንቀቂያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

“እንግዲያውስ አስፒሪን ልዋጥ” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሐኪሞች በአነስተኛ መጠን ያዙታል፤ ፕሌትሌቶቹ እንዳይጣበቁ ያደርጋልና። ነገር ግን ቁጥሩ ከ1 ሚሊዮን ሲያልፍ ደም ለመርጋት የሚያስፈልገው አንድ ፕሮቲን ሊያንስ ይችላል። ያን ጊዜ ያው በሽታ ደም ያፈሳል፤ አስፒሪኑም ያባብሰዋል። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1934 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገለጽም ጎልቶ የታየው ይኸው ደም መፍሰስ ነበር። ስለዚህ በራስ ሥልጣን የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ፕሌትሌት የበዛበት ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የብረት ማዕድን እጥረትና ኢንፌክሽንም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ቁጥሩ ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱ የዘረ መልና የመቅኒ ምርመራ ይጠይቃል።

በሽታው ከታወቀ ሕክምና አለው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆነና ቀደም ሲል ደም ለረጋባቸው ሰዎች ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለ ፕሌትሌት የሚቀንስ መድኃኒት ይታዘዛል። በክትትል ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። እጅዎ ቢዝል፣ አፍዎ ቢጣመም ወይም አንደበትዎ ቢያዝ፣ ሰዓቱን ይያዙና ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሲደርሱ ምልክቱ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ “አሁን ደህና ነኝ” ብለው አይመለሱ። የሆነውን ሁሉ ይናገሩ፤ ሙሉ የደም ምርመራ እንዲታዘዝልዎም ይጠይቁ። የፕሌትሌቱ ቁጥር በዚያው ወረቀት ላይ ይገኛል።