የማርን ስም ማወቅና ማር መቅመስ

ከመካነ ኢየሱስ የጻፉልን አንዲት እናት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጃቸው ፍልስፍና ማንበብ ከጀመረ ወዲህ «በአእምሮዬ ሳላረጋግጥ አልሰግድም» ማለቱን ገልጸው፣ «መጽሐፎቹን ልደብቅበት ወይ?» ብለውናል።

እናታችን፣ መደበቁስ አይበጅም። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ፈላስፎችን የተቹት መጽሐፎቻቸውን አጥንተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ሒሳብንና የግርዶሽን ስሌት በመካድ እስልምናን የሚረዳ የሚመስለውን ሰው ደግሞ ዲኑን የሚጎዳ ነው ብለውታል።

እርሳቸውም እንደ ልጅዎ ተጠራጥረው ያውቃሉ። ሁለት ወር ያህል ዓይናቸውንም አእምሯቸውንም ማመን አቅቷቸው ነበር። ከዚያ የወጡት በክርክር ሳይሆን አላህ በልባቸው ባኖረው ብርሃን መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል።

በ488 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1095) ደግሞ በባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ በዝና እያስተማሩ ሳለ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ምግብም አልወርድ አላቸው። ዕውቀት አንሷቸው አይደለም፤ የሱፊዮችን ኪታብ ሳይቀር አንብበዋል። የጤናን ትርጉም ማወቅና ጤነኛ መሆን ግን ለየቅል መሆኑን ተረዱ። ማርስ ቢሆን በወሬ ይጣፍጣል? ይህን «ዘውቅ» ይሉታል፣ መቅመስ ማለት ነው። ወንበራቸውን ትተው ወደ ሻም ሄዱ፤ በይፋ ወደ ማስተማር የተመለሱት ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ልጅዎ ለዕረፍት ሲመጣ እንደ ልቡ ያንብብ፣ ይጠይቅም። መግሪብ ሲደርስ ግን ከቤተሰቡ ጋር እንዲሰግድ በፍቅር ይለምኑት፤ ክርክሩን ከሰላት በኋላ በቡናው ላይ ይቀጥላል።