አሠሪ የሰጠን አሮጌ ላፕቶፕ ለአገር ቤት ይበቃል?



እዚህ አገር በብዙ ቤት አዲስ ኮምፒዩተር ሲገዛ አሮጌው ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። በተለይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ካቆመ ወዲህ አሮጌ ላፕቶፕ የሚያስቀምጡ ቤቶች አሉ። «ይህንን ለልጅሽ ላኪላት» የምትል ማዳምም አትጠፋም።

ስጦታው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሱቅ ወስደን ስናሳይ «ይሄ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ» ልንባል እንችላለን። የአዲሱ ዋጋ ደግሞ ከወር ደመወዛችን ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ላፕቶፑ አልሞተም፤ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነው።

ለምን ይንቀራፈፋል?

ሜሞሪ (ራም) እንደ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ነው፤ ዲስኩ ደግሞ እንደ ጓዳ። ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ ሽንኩርቱም ሥጋውም ቅመሙም ከፊታችን ይቀመጣል። ጠባብ ከሆነ ግን አንዱን ለማምጣት ሌላውን ወደ ጓዳ መመለስ ግድ ነው፤ ሥራው ሁሉ ምልልስ ይሆናል። 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ የዛሬው ሲስተም ሲጫን የሚሆነው ይኸው ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ እና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። 4 ጊጋባይት ያለውም ቢሆን ኢንተርኔት ላይ ብዙ ገጽ ሲከፈት ይጨናነቃል።

ምን ይደረግ?

በአቡ ዳቢም ሆነ በአል ዓይን ወደ ጥገና ሱቅ ስንሄድ ሦስት ነገር እንጠይቅ።

1. ሜሞሪ መጨመር ይቻላል ወይ? በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ይቻላል፤ በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ግን ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ አይቻልም።

2. የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ. ይቀየራል ወይ? ጓዳውን ወደ ጠረጴዛው እንደ ማቅረብ ስለሆነ ለውጡ ወዲያው ይታያል።

3. ቀለል ያለ ሲስተም ይጫናል ወይ? ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም በነፃ ይገኛል። ከዓይነቶቹ ሉቡንቱ እና ሊኑክስ ሚንት ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. ለአሮጌ ኮምፒዩተር ይስማማሉ፤ ሜሞሪው ከ2 ጊጋባይት በታች ከሆነ አንቲኤክስ ይሻላል። በፍላሽ ተጭኖ፣ ከላፕቶፑ ላይ ምንም ሳይጠፋ፣ መጀመሪያ መሞከር ይቻላል።

ቀላል ሲስተም ለአገራችን ልጆች አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት ኤክስ.ኦ. የተባሉ ትንንሽ ላፕቶፖች 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ነበራቸው፤ የሚሠሩትም በሊኑክስ ነበር።

ሊብሬ ኦፊስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ተማሪዋ ጽሑፍ ትጽፋለች፤ የዎርድ ፋይልም ትከፍታለች። የአማርኛ መጻፊያ ግን አብሮ እንዲጫን ባለሙያውን እንንገረው። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች በሊኑክስ ስለማይሠሩ፣ ትምህርት ቤቷ የሚፈልገውን አስቀድመን በስልክ እንጠይቃት።

ከቤት ሳይወጣ በፊት

ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ላፕቶፑ በስጦታ የተሰጠን መሆኑን አሠሪዎቻችን በአጭር ጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ያረጋግጡልን። ነገ «ጠፋብን» ቢባል ከክስ የሚያድነን ይህ ማስረጃ ነው። ለጥገና ስንወስደውም አብሮን ይሁን።

የቤተሰቡ ፎቶና ሰነድ በውስጡ ካለ አንክፈተው። የሚፈልጉትን ራሳቸው ገልብጠው ከአካውንቶቻቸው ይውጡ። ከዚያ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፤ ከተቀየረም አሮጌው ዲስክ ለእነርሱ ይመለስ። ሱቅ ውስጥ የማዳም ፎቶ ከወጣ ጣት የሚቀሰረው በእኛ ላይ ነው።

ባትሪው ካበጠ ይቀየር እንጂ እንዲሁ አይጫን። ወደ አውሮፕላን ስንገባም ላፕቶፑን ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችን እንያዘው።

በመጨረሻም ዋጋ እናመዛዝን። ባለሙያው የጠየቀው ገንዘብ በደህና ሁኔታ ላይ ካለ ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋ ከተጠጋ፣ አሮጌውን ማስጠገን አያዋጣም። ሲስተሙን ብቻ በመቀየር የሚድን ከሆነ ግን፣ ለአዲስ ላፕቶፕ ልናወጣው የነበረው ገንዘብ ለልጅቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ይውላል።