ድውይ ድውይን ሲፈውስ

በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ዕድሩ ወንበሩንና ድስቱን ይልካል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይገባል፤ ኀዘንተኛውም እስከ ሰልስት ድረስ ብቻውን የሚቀመጥባት አንዲት ሰዓት እንኳ አትገኝለትም። ነገር ግን እንቅልፍ ለራቀው፣ እህል አልዋጥ ላለው፣ ምክንያቱን ያላወቀው ፍርሃት ደረቱን ለሚያስጨንቀው፣ ወይም መጠጥ ኑሮውንና ትዳሩን ላፈረሰበት ሰው ድንኳን የሚተክልለት የለም፤ ኀዘኑ አስከሬን የለውምና ለቅሶ ደራሽ አያገኝም። ዛሬ ለአንባቢ ላስተዋውቀው የምወደው ነገር ለእንዲህ ያለው ሰው የሚተከል ድንኳን ነው፤ ይኸውም ያንኑ መከራ የቀመሱ ጥቂት ሰዎች በቀጠሮ ተሰብስበው የሚነጋገሩበት፣ ሐኪሞች የቡድን ሕክምና፣ ሌሎችም የመደጋገፊያ ቡድን የሚሉት ጉባኤ ነው።

በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ረዥም ሐተታ አያስፈልገውም። የቡድን ሕክምናን የሚመራው ለዚሁ የሠለጠነ ሰው ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ያህል ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣሉ። የመደጋገፊያውን ቡድን ግን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ያቆሙታል፣ ራሳቸውም ይመሩታል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ከሁለቱ በአንዱ ገባሁ ብሎ መድኃኒቱን መተው የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ የዚህን ጉባኤ ነገር ባነሣሁ ቍጥር ከተማረውም ካልተማረውም የምሰማው አንድ ጥያቄ ነው። «ታማሚ ታማሚን እንዴት አድርጎ ያድናል? ዕውር ዕውርን ቢመራ መጨረሻው ጉድጓድ አይደለምን?» ይላሉ። ጥያቄው ከጥበብ የመነጨ ስለሚመስል ብዙ ሰው ደጃፉ ድረስ ደርሶ እንዲመለስ አድርጓል። እኔም ባለቤቴ ካረፈች በኋላ፣ ሙት ዓመቷ ወጥቶ ቤቱ ጭር ባለበት፣ ሌሊቱን በሙሉ ጣራ እያየሁ በማድርበት ወራት፣ ወደ ቡድን እንድገባ የመከረችኝን ነርስ በዚሁ ጥያቄ ተሟግቻታለሁ። ስለዚህ ይህን ስሕተት የምነቅፈው ከውጭ ሆኜ አይደለም፤ እርሱ ስድስት ወር አሥሮ ያስቀመጠኝ ሰው ነኝና ጥቂት ልዘግይበት፤ መልሱንም ከታሪክ ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1905 ቦስተን በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ጆሴፍ ፕራት የሚባል ሐኪም የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን ድኾች በሳምንት አንድ ጊዜ እየሰበሰበ ማስተማር ጀመረ። አሳቡ በንጹሕ አየር እንዲቀመጡ፣ እንዲያርፉ፣ የዕለት ሁኔታቸውንም በደብተር እንዲጽፉ ለማስተማር ብቻ ነበር፤ ዳሩ ግን በዘርና በሃይማኖት የተለያዩት እነዚያ ሰዎች በአንድ ደዌ ምክንያት ወንድማማች እንደ ሆኑ፣ አንዱ ሲሻለው ማየትም ለሌላው ተስፋ እንደ ሆነው ራሱ አስተዋለ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሰጠው በዚያ ከተማ የሚገኝ የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን የአገራችን ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል ከዚያ ጋር ያለው ዝምድና የስም ብቻ ነው፤ ቢሆንም «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ተብሎ የሚተረጐም ስም ብቻውን በሚሠቃይ ሰው ሁለት ደጆች ላይ መገኘቱ ሁልጊዜ ያጽናናኛል።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ቈይቶ፣ በ1935፣ ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ሰው መጠጥ በተወ በጥቂት ወሩ አክሮን ወደምትባል ከተማ ለንግድ ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። በሆቴሉ አዳራሽ ቆሞ ከመጠጡ ክፍል የሚሰማው ጫጫታ እየሳበው ሳለ፣ ወደዚያ ከመግባት ይልቅ ስልክ አንሥቶ ለአብያተ ክርስቲያናት መደወል ጀመረ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ይህ ሰው ይፈልግ የነበረው እርሱን የሚረዳ ሰው አልነበረም፤ እርሱ ራሱ የሚረዳውን ሌላ ጠጪ ነበር እንጂ። ያገናኙትም ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ነበር። ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ መጠጥ የቀመሰበት ዕለት፣ ጁን 10፣ ስማቸውን ሳይገልጡ የሚሰበሰቡት የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የልደት ቀን ሆኖ እስከ ዛሬ ይቈጠራል። ማኅበሩ የተወለደው እንግዲህ አንድ ድውይ ለመዳን ሲል ሌላውን ድውይ በፈለገባት ሰዓት ነው።

ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው የሚለኝ ቢኖር ወደ ምሥራቅ አፍሪካዊቷ ኡጋንዳ ልውሰደው። በዚያ አገር በራካይና በማሳካ አውራጃዎች፣ ኤድስ ብዙ ቤት በዘጋበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሠላሳ መንደሮች ተመርጠው ጥናት ተደረገ። አጥኝዎቹ አስቀድመው ሕዝቡ ድባቴ የሚባለውን የመንፈስ መጨለም ሕመም በራሱ ቋንቋ ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠየቁ፤ ሰዎቹም ራስን መጥላት «ዮክወክያዋ»፣ ለራስ ማዘን «ኦክወኩባዚዳ» እንደሚባል ነገሯቸው። ከዚያም የሥነ አእምሮ ትምህርት የሌላቸው የአገሩ ሰዎች ሁለት ሳምንት ብቻ ሠልጥነው፣ ወንዶቹ ለወንዶች፣ ሴቶቹ ለሴቶች ቡድን መሪዎች ሆኑ፤ ቡድኖቹም ለ16 ሳምንት እየተሰበሰቡ ስለ ሞት ኀዘን፣ ስለ ቤተ ሰብ ጠብ፣ ስለ ኑሮ መለወጥ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሲመረመር፣ አስቀድሞ ከቡድኑ ሰዎች 86 ከመቶው የነበራቸው ጽኑ ድባቴ ወደ 6.5 ከመቶ ወርዶ ተገኘ፤ ቡድን ባልነበረባቸው መንደሮች ግን ከግማሽ የሚበልጡት እንደ ታመሙ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ ሥርዓት ወደ ስምንት ስብሰባ አሳጥሮ በመጽሐፍ አወጣው።

በዚምባብዌም ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ ምባሬ በሚባለው ሰፈር አሮጊቶችን አሠልጥኖ፣ «ኩፉንጊሲሳ» ያለባቸውን ሰዎች በአግዳሚ ወንበር ላይ እያስቀመጡ እንዲያነጋግሩ አደረገ። ቃሉ በእነርሱ ቋንቋ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው፤ እኛም «በሐሳብ ብዛት ታመመ» እንል የለምን? በአግዳሚው ላይ ተነጋግሮ ያበቃ ሰው ብቻውን አይሰናበትም፤ «እጅ ለእጅ መያያዝ» የሚል ትርጓሜ ያለው ስም ወዳለው ጉባኤ ይጋበዛል፤ ሴቶቹም በዚያ ከተጣለ ፕላስቲክ ቦርሳ እየሠሩ ይጫወታሉ። እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበት እንደሚፈታ እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እነሆ ወደ ራሴ ልመለስ። የገባሁበት ቡድን ሰባት ሰዎች ያሉበት፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች በክብ የተደረደሩበት፣ አንዲት ሲስተር የምትመራው ነበረ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ተናገረች። ሆስፒታል ተኝታ ከወጣች ወዲህ ወደ ወፍጮ ቤት የምትሄደው ሲመሽ ብቻ እንደ ሆነ፣ እርሱንም በዙሪያ መንገድ እንደሆነ፣ ምክንያቱም በቀን ከሄደች ሰው ሁሉ «ተሻለሽ ወይ?» እያለ እንደሚያቆማት ነገረችን። እኔም እንደ ልማዴ ቃሏን ሳትጨርስ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልሁ። ሲስተር እጇን ጥቂት ከፍ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ እንቆይላት» አለችኝ። ዝም አልን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሴትዮዋ የነጠላዋን ጥለት እያሸች፣ «አይዞሽ ሲሉኝ፣ በቃሽ፣ ዝም በዪ ያሉኝ ይመስለኛል» አለች።

ዕድሜዬን በሙሉ ያጽናናሁ መስሎኝ ስንቱን ሰው አፉን እንደ ዘጋሁት ያን ቀን ገባኝ። አይዞህ የተባረከ ቃል ነው፤ መንገድ ለሚወጣ፣ ፈተና ለሚቀመጥ፣ ምጥ ለያዛት ስንቅ ይሆናል። ነገር ግን ገና መናገር ለጀመረ ሰው ከፈጠነበት በሚፈላ ድስት ላይ እንደ ተገጠመ ክዳን ነው፤ የምንገጥመውም ብዙ ጊዜ ለእርሱ ብለን ሳይሆን እኛ ሥቃዩን መስማት ስላልቻልን ነው። የቡድን ጥበብ ከዚህ ይጀምራል፤ ክዳኑን አንሥቶ መቈየት ነው። ይህንም ከማንም አብልጦ የሚችለው በዚያው ሥቃይ ያለፈ ሰው ነው፤ የባልንጀራው ነገር አያስደነግጠውምና።

ከመካከላችን አንድ ሸማኔ ነበረ። ሲናገር ቀኝ እጁ ሳያውቀው መወርወሪያ እንደሚወረውር ሁሉ ወደ ግራ እልፍ ይል ነበረ። ድባቴው ከያዘው አራት ወር ሙሉ በመሸመኛ ዕቃው ላይ እንዳልተቀመጠ፣ የጀመረውም ጋቢ አቧራ እንደ ለበሰ አጫወተን። በቀድሞው ጠባዬ ቢሆን ስለ ሥራ ክቡርነት እመክረው ነበር፤ አሁን ግን፣ «ከጋቢው ምን ያህሉ ቀርቷል?» ብዬ ብቻ ጠየቅሁት። «ክንድ ተኩል፣ ጋሼ» አለኝ፤ ዐይኑም ጋቢውን የሚያየው መሰለ። በሳምንቱ ሲመጣ አንድ ስንዝር እንደ ሠራ ነገረን። ያች ስንዝር የእርሱ ነበረች፤ የኔ ፈንታ ደግሞ ከስንት ወር በኋላ ያን ሌሊት እስከ ንጋት መተኛቴ ነበረ። ኧርቪን ያሎም የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው የታወቀ መጽሐፉ ቡድን ሰውን የሚፈውስባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር፣ ብቻዬን አይደለሁም ብሎ ማወቅንና ለሌላ ሰው መጥቀምን ከመካከላቸው ቈጥሯል። ሁለተኛውን እኔ በአንድ ስንዝር ጋቢ ተምሬዋለሁ።

ይህን የመሰለውን ጸጋ በቸልታ የሚያበላሹትን ሳልገሥጽ ባልፍ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። በዚያ የተሰማውን ነገር ለሚስቱ እንኳ ቢሆን የሚያወራ ሰው የባልንጀራውን ቤት ጣራ እንደ ገፈፈ ይቈጠር። ሌላው እያለቀሰ ስልኩን የሚያይ ቢቀር ይሻለዋል። አንድ ቀን መጥቶ «ወሬ ብቻ ነው» ብሎ የሚቀረውንም፣ አንድ ክኒን ውጦ መድኃኒቱ አልሠራም ከሚል ሰው በምን ትለየዋለህ እለዋለሁ፤ ቢያንስ አራት ጊዜ ሳይቀመጡ ስለ ቡድን መፍረድ አይገባም።

የሚፈልገው ሰው ወዴት ይሂድ? በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ የሥነ አእምሮ ነርሷን ወይም የማኅበራዊ ሠራተኛውን ራሳቸውን ይጠይቅ እንጂ በመዝገብ ክፍል መስኮት የሰማውን አይመን። እኔ አስቀድሜ በጠየቅሁበት አንድ ስፍራ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ተባልሁ፤ በዚያው ግቢ በሌላ ክፍል በየሐሙሱ ይሰበሰቡ እንደ ነበረ ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ሲያገኝም የሚመራው ማን እንደ ሆነ፣ ስንት ሰው እንዳለ፣ አዲስ ሰው በማናቸውም ቀን ይገባ እንደ ሆነ፣ ክፍያ መኖሩንና ምሥጢር በምን ሥርዓት እንደሚጠበቅ ይጠይቅ። በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በዐረብ አገር የሚኖር ወገኔ ደግሞ በአማርኛ የሚነጋገር ቡድን መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሰው ሥራውን በተማረው ቋንቋ ይሠራል፣ የሚያለቅሰው ግን በእናቱ ቋንቋ ነው። ራሱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ካለ የሳምንቱን ቀን አይጠብቅ፤ ቤተ ሰቡ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ያድርሰው።

አንድ ጊዜ፣ ደኅና ሆኛለሁ ብዬ፣ ሁለት ሳምንት ቀረሁ። ስመለስ ሸማኔው በደጅ አገኘኝና፣ «ጋሼ፣ ባለፈው የምናገረው ነገር ነበረኝ፤ ወንበርዎን አይቼ ተውሁት» አለኝ። ለዚያ ላልተነገረ ነገር እስከ ዛሬ አዝናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቀርቼ አላውቅም። ለራሱ ብሎ መሄድ የሚከብደው አንባቢ ቢኖር፣ ገና ስሙን የማያውቀው አንድ ሰው ባዶ ወንበሩን እያየ እንደሚጠብቀው አስቦ ይሂድ። ስለ ዕውሮቹና ስለ ጉድጓዱ ለሚጠይቁኝም ከእንግዲህ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ የአገራችን ሸማኔ ጋቢውን የሚሠራው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ተቀምጦ ነው፤ ሥራውንም ጨርሶ የሚያለብሰው ሌላ ሰው ነው።