ያውቁ ኖሯል? በግንብ የታጠረችው ኮንዊ

በሰሜን ዌልስ የምትገኘው ኮንዊ ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት የታጠረችበት ቅጥር ዛሬም አልፈረሰም። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ዌልስን ድል ሲያደርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1283 ምሽጉንና ቅጥሩን ማስገንባት ጀመረ። ለዚህም ሲል በስፍራው የነበረውን ገዳም ከነመነኮሳቱ ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ። በዚያ ገዳም ያረፈው የዌልሱ መስፍን ታላቁ ሊዌሊን ነበርና ድርጊቱ ድል ለተነሣው ሕዝብ ምን ያህል መራራ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ቅጥሩ 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ 21 ማማዎችም አሉት። በደቡብ በኩል ቀና ብለው ቢያዩ፣ ከግንቡ ወጣ ወጣ ብለው የተደረደሩ 12 የድንጋይ መጸዳጃዎች ያገኛሉ፤ የተሠሩት ለንጉሡ ሠራተኞች ነበር።

ወደቡ ዳር ደግሞ በብሪታኒያ ትንሿ የምትባለው ቀይ ቤት አለች። ወርዷ 1.8 ሜትር፣ ከፍታዋ 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1900 የኖረባት ዓሣ አጥማጅ ግን ቁመቱ 1.9 ሜትር ነበር!

ጊዜ ካጠረዎት ቅጥሩን ያስቀድሙ። አናቱ ላይ መሄድ በነፃ ነው፤ ምሽጉም ወንዙም ከዚያ ይታያሉ።