ፈላሻ፦ ከርስቱ የተነቀለ ሰው ስም

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማዋን ለቀቅ እንዳልን ወለቃን እናገኛለን። በሸክላ ሥራዋ የታወቀች የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) መንደር ነበረች። ይህን ሕዝብ ጎረቤቶቹ «ፈላሻ» ሲሉት ኖረዋል። ስሙን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል፤ ከየት እንደመጣ ግን እምብዛም አልጠየቅንም።

ሥሩ «ፈለሰ» የሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ከቦታው ተነቅሎ ሄደ፣ ተሰደደ ማለት ነው። ፍልሰት የሚለው ቃል ከዚህ ይወጣል፤ በነሐሴ የምንጾመው ፍልሰታም እንዲሁ። በግእዝ «ፈላሲ» ስደተኛ፣ መጻተኛ ነው፤ አገሩን ትቶ የመነነ መነኩሴም በዚሁ ስም ይጠራል። አማርኛ የአድራጊን ስም ሲያበጅ የመጨረሻውን «ሰ» ወደ «ሽ» ይለውጣል፤ ከከሰሰ ከሳሽ፣ ከአረሰ አራሽ ይላል። ከፈለሰም ፈላሽ፣ ከዚያም ፈላሻ ይመጣል።

ታዲያ ይህ ሕዝብ ከየት ፈለሰ? ብዙ ሰው «ከኢየሩሳሌም» ብሎ ይመልሳል። የአገራችን የታሪክ ትውፊት ግን ወደ ቅርብ ቦታ ይመራናል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ፣ የተጠመቀ ያባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን ማወጃቸው ይተረካል። ፈላሲ የተባለው እንግዲህ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሳይሆን፣ በተወለደበት ቀዬ መሬቱን የተነጠቀ ሰው ነው።

በደጋው ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት በእኩል ያርስ ነበር፤ አለዚያም በእጁ ሙያ ያድር ነበር። ቤተ እስራኤል አንጥረኞች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ሆኑ። በጎንደር የንግሥና ዘመን ደግሞ ግንበኞችና አናጺዎች ሆነው ነገሥታቱን አገልግለዋል፤ ለሥራቸው መሬትና ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። ሆኖም ለእንጀራቸው የያዙት ሙያ መናቂያቸው ሆነ፤ ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተባለ።

ፍልሰቱ በዚህ አላበቃም፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ዛሬም መንደራቸውን ለቀው ጎንደር ከተማ የገቡ፣ የመሄጃ ፈቃድ በመጠበቅ ዓመታት ያስቆጠሩ ቤተሰቦች አሉ።

«ፈላሻ» ሌሎች የሰጡት፣ ባለቤቶቹም እንደ ስድብ የሚቆጥሩት ስም ነው። እነርሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በዚሁ ጥራቸው፤ ለልጆችህም ይህንኑ ስም አስተምር።