እርሾው እንዳይታጠብ፦ የትንሽ የጨው ውሃ አክቫርዩም እንዴት ጠርቶ ይኖራል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ለማስተርስ ስለምሠራው ጥናት አይደለም። አባቴ የጥገና ሠራተኛ ሆነው በሚሠሩበት፣ ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ባለ አንድ ሚፍዓል መግቢያ ላይ ስለተቀመጠ 60 ሊትር አክቫርዩም ነው። ውስጡ ሦስት ትንንሽ የባሕር ዓሦችና አንድ ሽሪምፕ ነበሩ።

ባለፈው ዓመት የፋሲካ እረፍት እንዳለቀ አባቴ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ውሃው እንደ አጓት ነጥቷል። አንዱ ዓሣ ሞቷል። ኃላፊው በወር ውስጥ ካልጠራ ይደፋ ብሏል። አንቺ ኬሚስትሪ ተምረሽ የለ?» አሉኝ።

ሄጄ ከበዓሉ በፊት ምን እንደተደረገ ጠየቅኳቸው። «ለበዓሉ ሁሉም ሲጸዳ እሱን ለምን እተወዋለሁ ብዬ» ድንጋዩን አውጥተው በቧንቧ ውሃ ፈግፍገውታል፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ በሙቅ ውሃ አጥበዋል፤ ውሃውንም ሙሉ በሙሉ ቀይረዋል። ሌላ ሠራተኛ ደግሞ «ለእረፍቱ ቀናት ይበቃል» ብሎ ብዙ ምግብ ጨምሯል። ማዝጋኑም በዓሉን ሙሉ ጠፍቶ ነበር። ሁሉም በደግነት የተደረገ ነው። ዓሣውን የገደለው ግን ይኸው ነው።

ውሃውን የሚያጠራው ማነው?

ዓሣ አሞንያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞንያ ይወጣዋል። አሞንያ ደግሞ ጥቂቱ እንኳ የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። የባሕር ውሃ ፒኤች ከ8.0 እስከ 8.4 ገደማ ስለሆነ፣ መርዝነቱ እዚያ ይበረታል።

በድንጋዩ ቀዳዳ፣ በአሸዋውና በስፖንጁ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ጉዳቱ በጣም የቀለለ ነው፤ እሱን እኛ ውሃ በመቀየር እናወጣዋለን። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀስ ብለው ነው የሚራቡት። አንድ አዲስ አክቫርዩም እስኪደራጅ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የቧንቧ ውሃችን ውስጥ ያለው ክሎር ደግሞ የተጨመረው ተሕዋስያን እንዲገድል ነው፤ ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም።

ይህን ለአባቴ ማስረዳት አቃተኝ። የተማርኩት ሁሉ በዕብራይስጥ ነው። «ሓይዳቂም ቶቪም» አልኩና ቆምኩ። «ጥሩ ተሕዋስያን» ብልም አልገባቸውም። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እርሾ ነው በይኛ!» አሉኝ።

ልክ ናቸው። እናቶቻችን ቡሃቃውን ሙልጭ አድርገው አያጥቡትም፤ አዲሱን ሊጥ የሚያነሳው ከአሮጌው የቀረው ነው። ለፋሲካ ግን እርሾው ከቤት ይወጣል። በሀገር ቤትማ የቤተ እስራኤል ሴቶች አሮጌውን ሸክላ ሰብረው በአዲስ ይተኩ ነበር። ከበዓሉ በኋላ አዲሱ እርሾ እስኪበስል ቀናት ይፈልጋል። አባቴ ሳያውቁት ለአክቫርዩሙም ፋሲካ አደረጉለት። እኛ እንጀራ ሳምንት ቢዘገይብን እንታገሳለን። ዓሣ ግን አሞንያ ውስጥ ሳምንት መታገስ አይችልም።

የድፍርሱን ቀለም እዩ

ነጭ ከሆነ፦ ብዙ ምግብ ያገኙ ሌሎች ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ በፍጥነት ተራብተዋል ማለት ነው። ኦክስጅኑን ከዓሣው ጋር ይሻማሉ። ሙቅ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። ምግብ ቀንሱ፣ አየር ጨምሩ። (አዲስ አሸዋ ወይም ያልሟሟ ጨውም ውሃ ያነጣል፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይዘቅጣል።)

አረንጓዴ ከሆነ፦ ጥቃቅን አልጌ ነው። ብርሃን፣ ናይትሬትና ፎስፌት በዝቷል። አክቫርዩሙን ከመስኮት ፀሐይ አርቁት፤ መብራቱንም በቀን ወደ 8 ሰዓት አውርዱት።

መስታወቱና አሸዋው ላይ ቡናማ ሽፋን ከታየ፦ ዳያቶም የሚባል አልጌ ነው። ሲሊካ ያለበት ውሃ ይወዳል፤ አዲስ አክቫርዩም ላይ የተለመደ ነው።

ውሃው ወደ ቢጫ ካደላ፦ የሟሙ የምግብና የቆሻሻ ቅሪቶች ናቸው። ለአክቫርዩም የተዘጋጀ አክቲቭ ከሰል ያነሳቸዋል። የምድጃ ከሰል አይሆንም።

ውሃውና ጨው

የቧንቧ ውሃ ክሎር ብቻ ሳይሆን የተለያዩ ማዕድናትም ስላሉበት፣ በኦስሞዛ ሀፉካ የተጣራ ውሃ ይሻላል። ውሃው በግፊት በጣም ስስ በሆነ ሽፋን ውስጥ ያልፋል፤ የሟሟው ነገር አብዛኛው ወደኋላ ይቀራል። ከ2005 ጀምሮ አሽቀሎን ላይ የባሕር ውሃ ወደ መጠጥ ውሃ የሚለወጠው በዚሁ ዘዴ ነው።

የውቅያኖስ ውሃ በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው። የኤይላት ባሕረ ሰላጤ ከዚያም ይበልጣል፤ 40 ይደርሳል። ለ60 ሊትር 2.1 ኪሎ ገደማ ጨው ያስፈልጋል ማለት ነው። አባቴ «አሞሌ ቢሆንስ?» ብለው ሳቁ። በአፋር ደናክል የሚቆረጠው፣ ድሮ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ባሕር ግን ማግኒዝየም፣ ካልሲየም፣ ፖታስየምና ካርቦኔትም ስላለው የተዘጋጀ የባሕር ጨው ግዙ። ጨውን አክቫርዩሙ ውስጥ አትበትኑ፤ ለብቻው ባልዲ ውስጥ አሟሙት።

አንድ ስህተት ብዙ ሰው ይሠራል። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ የጎደለውን የምትሞሉት ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። በጨው ውሃ ከሞላችሁት ጨውነቱ በየሳምንቱ እየጨመረ ይሄዳል።

እኛ ምን አደረግን?

ለ10 ቀን በየቀኑ 6 ሊትር፣ ማለትም 10 በመቶ፣ ቀየርን። አዲሱን ውሃ መጀመሪያ 25 ዲግሪ አድርሰን፣ 210 ግራም ገደማ ጨው እናሟሟበታለን። ምግብ ሁለት ቀን አንዴ ብቻ፣ እሱም ቁንጥር። የአየር ፓምፕ ጨመርን። አንድ ጓደኛዬ ከጤነኛ አክቫርዩሟ አሮጌ ስፖንጅ ቆርጣ ሰጠችን፤ አባቴ «ጎረቤት እርሾ አበደረን» አሉ።

በ9ኛው ቀን ውሃው ጠራ። አባቴ ደስ ብሏቸው ምግብ ሊጨምሩ ሲሉ ከለከልኳቸው። አሞንያና ናይትራይት ቀለም የላቸውም፤ እንደ መስታወት የጠራ ውሃ ዓሣ ሊገድል ይችላል። መመርመሪያው ቢጫ መሆን ሲገባው ገና አረንጓዴ ነበር። ሁለቱም ዜሮ የሆኑት በ4ኛው ሳምንት ነው። ኃላፊው ከሰጠው ወር የቀሩት ሁለት ቀን ነበሩ።

አሁን በየሳምንቱ 6 ሊትር ይቀየራል። ስፖንጁ ሲደፈን የሚታጠበው ከአክቫርዩሙ በወጣው ውሃ ነው፤ እሱም ለቀቅ ለቀቅ ተደርጎ። ድንጋይና ስፖንጅ በአንድ ቀን አይነኩም።

በዚያው ከተማ የኢንቴል ቺፕ ፋብሪካ አለ። ቺፕ ማጠቢያው ውሃ ምንም ነገር እንዳይኖርበት ተደርጎ ይጣራል፤ ሕይወት ያለው ነገር እንዲያድግበት አይፈለግም። የአክቫርዩም ጥራት ተቃራኒው ነው፤ ውሃው ጠርቶ የሚኖረው ሕይወት ስላለበት ነው። እኔ ግን አባቴ ከማጽዳታቸው በፊት ይህን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም እኔን መጠየቅ ከብዷቸው ነበር። በእኛ ቤት ብዙ ነገር የሚበላሸው እንዲህ ነው።

ዛሬ አክቫርዩሙ ጎን አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ከላይ በአባቴ እጅ በአማርኛ፣ ከሥር በእኔ እጅ በዕብራይስጥ፦ «እርሾ አለበት። በቧንቧ ውሃ አትጠቡ።»