ያውቁ ኖሯል? መሪው ቢለወጥም መልእክቱ ይቀመጣል

• የአሜሪካው ዋይት ሐውስ ለሕዝብ የኢሜይል አድራሻ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1993፣ የመጀመሪያ ድረ ገጹን የከፈተው ደግሞ በ1994 ነው፤ ሁለቱም በቢል ክሊንተን ዘመን።

• በ2011 «ዊ ዘ ፒፕል» የተሰኘ የኢንተርኔት አቤቱታ ማቅረቢያ ተጀመረ። በ30 ቀን ውስጥ 5 ሺህ ፊርማ ያሰባሰበ አቤቱታ ከቤተ መንግሥቱ ምላሽ እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ፊርማው ሲጎርፍ ግን ወሰኑ በዚያው ዓመት ወደ 25 ሺህ፣ በ2013 ደግሞ ወደ 100 ሺህ ከፍ አለ።

• «ፖተስ» የተባለው የፕሬዚዳንቱ የትዊተር ገጽ በግንቦት 2015 ሲከፈት 5 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 1 ሚሊዮን ተከታይ አፍርቶ በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ ሰፍሯል።

• ገጹ የሥልጣኑ እንጂ የሰውየው አይደለም። በ2017 ርክክብ ወቅት የባራክ ኦባማ መልእክቶች 44 ቁጥር ወደ ታከለበት ሌላ ገጽ ተዛወሩ። ዶናልድ ትራምፕም መልእክት አልባውን ገጽ ከነተከታዮቹ ተረከቡ።

• በ1978 የወጣው የፕሬዚዳንታዊ መዛግብት ሕግ የፕሬዚዳንቱን የሥራ ሰነድ የሕዝብ ንብረት ያደርገዋል። የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ ኢሜይሉም ሆነ የማኅበራዊ ሚዲያ መልእክቱ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገባል።

• በ2014 በተሻሻለው ሕግ መሠረት፣ በግል ኢሜይሉ ስለ መንግሥት ሥራ የተጻጻፈ የዋይት ሐውስ ባልደረባ በ20 ቀን ውስጥ ሙሉ ቅጂውን ወደ መሥሪያ ቤቱ አድራሻ መላክ አለበት።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ መሪ በሕዝብ ስም የጻፈው ሁሉ ለትውልድ ሊቆይ ይገባዋል።